«ሊበራል» የሚለው ስም አስደነገጠን፤ ኩረጃው ግን አላስደነገጠንም



ሰሞኑን ከአስር ሰላት በኋላ መስጂድ በር ላይ አንድ የሰፈራችን አባት ያዙኝ። ልጃቸው 12ኛ ክፍልን ጨርሳ አሜሪካ ካለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝታለች። ደስ ሊላቸው ሲገባ ፊታቸው ጠቁሯል። «ልጄ፣ እናንተ እንግሊዝኛውን ታውቁታላችሁ፤ ይቺ ሊበራል አርትስ የምትባለዋ ምንድን ናት?» አሉኝ። ዘመድ ተሰብስቦ ሁለት ነገር ነግሯቸዋል። አንዱ «ስሙ ራሱ ሊበራል ነው፤ ዲኗን ጥላ ትመለሳለች» ብሏል። ሌላው ደግሞ «አርት ተምራ ምን ልትሆን? ሥዕል ልትስል? እዚሁ ጤና ወይም ኢንጂነሪንግ ትግባ» ብሏል። መልስ የምትሰጥበት ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው።

ለእሳቸው ቆሜ በአጭሩ የመለስኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ዘመድ የተናገረው እኛ ወጣቶቹ በየስልካችን ስንጽፈው የምንውለውን ነው። አስቀድሜ ልናገር፦ አሜሪካን ለማወደስ አልተነሳሁም። የተነሳሁት እኛን ለመውቀስ ነው፤ ራሴንም ጨምሬ።

ከስሙ እንጀምር። ይህ «ሊበራል» ዛሬ በቴሌቪዥን የምንሰማው የፖለቲካው ሊበራል አይደለም። ቃሉ የላቲን ነው፤ «ነጻ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ትምህርት» ለማለት ነው የተባለው። ፓርቲ የሚባል ነገር ሳይታሰብ በፊት የነበረ ስም ነው። ዝርዝሩም ሰባት ነበር፦ ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ የንግግር ጥበብ፣ የቁጥር ስሌት፣ ጂኦሜትሪ፣ የከዋክብት ትምህርትና ሙዚቃ። ሙዚቃውን ወደ ጎን አድርጉትና የቀሩትን ስድስቱን በኛ ስም ጥሯቸው፦ ነህው፣ መንጢቅ፣ በላጋ፣ ሒሳብ፣ ሀንደሳ፣ ፈለክ። እነዚህን የማያውቅ የቀድሞ ዓሊም ታውቃላችሁ? ኢማም አል-ገዛሊ «አል-ሙስተስፋ» የተባለውን የኡሱል አል-ፊቅህ ኪታባቸውን ሲጽፉ የጀመሩት በመንጢቅ መግቢያ ነው። ስለዚህ ስሙን ሰምቶ የሚደነግጥ ሰው የአያቱን ሳንዱቅ ሳይከፍት «የማን ዕቃ ነው?» እንደሚል ሰው ነው።

«አርት» የሚለውም ሥዕል ብቻ አይደለም። በነዚህ ኮሌጆች ኬሚስትሪ አለ፣ ባዮሎጂ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ ኢኮኖሚክስ አለ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ አለ። ልዩነቱ ተማሪው በመጀመሪያው ሴሚስተር ዲፓርትመንት ውስጥ አይታሰርም። አብዛኛውን ጊዜ ዋና ትምህርቱን የሚመርጠው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ኬሚስትሪ የሚወደው ልጅ ታሪክም ይወስዳል፣ ፍልስፍናም ይወስዳል፣ መጻፍም ይማራል። ሐኪም መሆን የምትፈልግም መንገዷ አይዘጋም። አሜሪካ ውስጥ ሕክምና የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ ከነዚህ ኮሌጆች ወጥተው ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገቡ ብዙ ናቸው። ኢንጂነሪንግ ግን ብዙዎቹ ጋ የለም። ልቧ እዚያ የሆነ ልጅ ይህን አውቃ ትወስን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እዚያ ያለ ተማሪ ጠዋት ተነስቶ ማታ እስኪተኛ ምን ያደርጋል? አንድ ኮሌጅ በስሙ ልጥራ፦ ሀቨርፎርድ። ፊላደልፊያ ከተማ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ናቸው ያቋቋሙት። የተማሪው ቁጥር 1,400 ገደማ ነው፤ ከኛ አንዳንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያነሰ ማለት ነው። ተማሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ ግቢ ውስጥ ይኖራል፣ ከመምህራኑም ብዙዎቹ እዚያው ይኖራሉ። ጠዋት ያስተማረህን መምህር ማታ ከልጁ ጋር በእግሩ ሲሄድ ታገኘዋለህ።

ክፍሉ ትንሽ ነው። አሥር፣ አሥራ አምስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። ከኋላ ወንበር ላይ ተደብቆ ስልክ መነካካት አይቻልም፤ የኋላ ወንበር የሚባል ነገር የለማ። ከመምጣትህ በፊት የተሰጠህን ሃምሳ ስድሳ ገጽ አንብበህ መምጣት አለብህ። መምህሩ ያነበብከውን አይተርክልህም። የሚጠይቅህ «ምን አየህበት?» ብሎ ነው። አንድ ነገር ስትናገር «የት ገጽ ላይ?» ትባላለህ። ያላነበበ ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይታወቃል። ያፍራል። በሚቀጥለው ቀን ግን አንብቦ ይመጣል።

ከክፍል ስትወጣ ሥራ አለ። ብዙው ተማሪ፣ በተለይ በእርዳታ የሚማረው፣ ግቢ ውስጥ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ይሠራል። ካፌ ውስጥ ሳህን የሚያጥበው፣ ላይብረሪ መጽሐፍ የሚደረድረው፣ ላብራቶሪ የሚያጸዳው ራሱ ተማሪው ነው። ኬንታኪ ውስጥ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ከዚህም ያልፋል፤ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፣ ነገር ግን ሁሉም ይሠራል። ማታ ላይ ጽሑፍ አለ። አንድ ጽሑፍ አንዴ ጽፈህ አትገላገልም። መምህሩ አንብቦ በብዕር አርሞ ይመልስልሃል፣ ቢሮው ተቀምጦ «ይህ አረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?» ይልሃል፣ እንደገና ትጽፋለህ። አራተኛው ዓመት ላይ ደግሞ ሀቨርፎርድ ያለ ተማሪ ሁሉ የራሱን የመመረቂያ ጥናት ይሠራል።

አሁን ደግሞ ልቤን የነካውን ልናገር። እዚያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1897 ጀምሮ «የክብር ቃል» የሚሉት ደንብ አለ። ደንቡን የሚጠብቁት ተማሪዎቹ ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ይከራከሩበታል፣ በየዓመቱም «እንቀበለዋለን» ብለው ያጸድቁታል። ቃሉን ያፈረሰ ሲገኝ ጉዳዩን የሚያየው ራሳቸው ተማሪዎቹ የመረጡት ሸንጎ ነው። የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ተማሪው ብዙዎቹን ፈተናዎች በራሱ በመረጠው ሰዓት ይወስዳል። የፈተናውን ወረቀት ይቀበላል፣ ይቀመጣል፣ ይሠራል፣ ይመልሳል። ፈታኝ የለም። ካሜራ የለም። ከበሩ ላይ የሚፈትሽ የለም። ጎረቤቱ የወሰደውን ፈተና ነገ የሚወስድ ልጅ «ምን መጣ?» ብሎ አይጠይቅም።

ፍጹም ናቸው አላልኩም። ሸንጎ ያስፈለገው ቃሉን የሚያፈርስ ስላለ ነው። ነገር ግን መነሻቸውን ተመልከቱ። «ሰው ካልታየ ይሰርቃል» ብለው አልጀመሩም። «ሰው ሳይታይም ይታመን» ብለው ጀመሩ። አንድ መቶ ዓመት ከምናምን ሆናቸው።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እስኪ እንጠያየቅ። ባይታይም አላህ እንደሚያየው እያሰበ የሚሠራ ሰው የሚለውን ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ማን ነን? እኛ አይደለንም? ስለ ኢሕሳን ኹጥባ ሰምተን፣ ዳዕዋ ሼር አድርገን፣ ጠዋት ፈተና ክፍል ስንገባ ግን የምናስበው ማን አጠገብ እንደምንቀመጥ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን እህሉ ክምር ውስጥ ከተው፣ እርጥቡን ከሥር ደረቁን ከላይ ያደረገውን ነጋዴ እንዴት እንደገሰጹት ሁላችንም እናውቃለን። ከላይ ዲግሪ፣ ከሥር ኩረጃ ምን ልዩነት አለው?

የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ምን እንዳሳየን አልረሳንም። ተማሪው ከሰፈሩ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ ስልክ ሳይዝ፣ ጥበቃ ተደርጎበት ተፈተነ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። የዚያ ጥፋት ሁሉ የተማሪው አይደለም። መምህር ያልነበረው፣ መጽሐፍ ያልደረሰው፣ ጦርነት ያፈናቀለው ልጅ ነበር። ይህን የሚክድ በደል ይሠራል። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ኩረጃ እንደ ወንድማማችነት፣ ያላስኮረጀም እንደ ክፉ ሰው ይቆጠር እንደነበር የማያውቅ አለ? «አንድ ጀመዓ አይደለንም እንዴ?» ተብሎ የተለመነ የለም? ጀመዓ የሚለውን ቃል እንኳ ለኩረጃ ተጠቅመንበታል። አላህ ይቅር ይበለን።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ሊበራል አርትስ የሚባለው ነገር እኛም ጋ መጥቷል። ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ከ2012 ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የጋራ ኮርስ ይወስዳል። ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ አለ፣ ሳይኮሎጂ አለ፣ አንትሮፖሎጂ አለ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ አለ። ይህ ከዚያው ዓይነት ትምህርት የተቆረሰ አንድ ቁራጭ ነው። ምን አደረግንበት? ሞጁሉን አውርደን ከጎኑ ያለፈ ዓመት ወርክሺት ፈለግን። «ከየት ይወጣል?» አልን። ስለ ማሰብ የሚያስተምረውን ኮርስ ሳናስብ ሸመደድነው! ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ አንድ ሰው «ይህ ክርክር የት ላይ ነው የሚፈርሰው?» ቢለን መልስ የለንም። ከዚያ ወጥተን አንድ የተቆራረጠ ቪዲዮ አይተን፣ ምንጩን ሳንጠይቅ፣ አንድን ዓሊም ወይም አንድን ብሔር እንሰድባለን። ሎጂክ ተምረን!

«እዚያ አሥራ አምስት ልጅ ነው፣ እኛ ጋ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። «እዚያ ገንዘብ አለ» ትሉኛላችሁ። እሱም እውነት ነው። ሀቨርፎርድን የመሰለ ኮሌጅ ያለ እርዳታ ልማርበት የሚል ሰው በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ያስፈልገዋል። ይህ ራሱ ነውራቸው ነው፤ ስለ ነጻ ሰው ትምህርት እያወሩ ጠረጴዛው ዙሪያ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ የሀብታም ልጆች ናቸው። ግን አንድ ጥያቄ ልመልስላችሁ። አንብቦ መምጣት ስንት ዶላር ነው? «የት ገጽ ላይ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ነው? አለመኮረጅስ?

ይህ በድህነት የማይቻል ቢሆን ኖሮ አያቶቻችን ባልቻሉት ነበር። የወሎን ሐሪማ አስቡ። ዳናን፣ ጌታን፣ ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ ያቀኑትን ጀማ ንጉስን አስቡ። ደረሳው ከሩቅ አገር በእግሩ ይመጣል። ነህው የሚያቀሩት ሸይኽ አንድ ቦታ ናቸው፣ ፊቅህ የሚያቀሩት ሌላ ቦታ ናቸው፤ ኪታቡን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይጓዛል። የሚያድረው ጎጆ ውስጥ ነው። የሚበላው የሰፈሩ ሰው ከሰጠው ነው። እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል። ሸይኹ ፊት ዙሪያውን ተቀምጦ ይቀራል፤ ሲሳሳት ይታረማል፣ ያልገባው ይጠይቃል፣ ትልቁ ደረሳ ትንሹን ያስጠናል። በሪፖርት ካርድ አይደለም የሚያልፈው። ሸይኹ «ገብቶታል» ሲሉ ነው የሚያልፈው።

ትንሽ ክፍል፣ አብሮ መኖር፣ መሥራት፣ መምህሩን በቅርብ ማወቅ፣ መጽሐፉን ራሱን ማንበብ። ይህ እኮ ነው ሀቨርፎርድ 80 ሺህ ዶላር የሚጠይቅበት! እኛ በሽሮና በቆሎ ስናደርገው ነበር። ሐሪማው ጉድለት አልነበረውም አልልም፤ ትርጉሙን ሳያውቅ ሸምድዶ የቀረ ደረሳም ነበር። ነገር ግን ጠባዩ ከኛው ቤት የወጣ ነው። ዛሬ እኛ ከሸይኹ ሐለቃም ወጣን፣ ከዩኒቨርሲቲውም ትምህርት አልገባን። መሀል ላይ ስልክ ይዘን ቀረን።

ወደ እኚያ አባት ፍርሃት ልመለስ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ልቅለልበት አልወድም። ቅዳሜ ማታ ዶርሙ ውስጥ መጠጥ ይኖራል። ዶርሙ ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ሐላል ሥጋ ሁሉም ካፌ አይኖረውም። ጁሙዓ ከክፍል ሰዓት ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ ረመዳን ላይ መግሪብ ሳይደርስ ካፌው ሊዘጋ ይችላል። ትንሽ ኮሌጅ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ሂጃብ የለበሱት በጣት የሚቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ብቸኝነቱ ከባድ ነው። በሌላ በኩል ብዙዎቹ ኮሌጆች የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር፣ መስገጃ ክፍል፣ አንዳንዶቹም የሙስሊም አማካሪ አላቸው። ስለዚህ ከመወሰን በፊት መጠየቅ ነው፦ የሴቶች ዶርም አለ ወይ? መስገጃው የት ነው? ምግቡስ? ለኢፍጣር ምን ታደርጋላችሁ? ብሎ ለኮሌጁ መጻፍ ነውር አይደለም። ትንሽ ኮሌጅ አንዱ ጥቅሙ ደብዳቤህን አንብቦ የሚመልስ ሰው መኖሩ ነው።

«ሙስሊም ከዚህ ዓይነት ትምህርት ጋር አይሄድም» ለሚለው ደግሞ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ ዘይቱና ኮሌጅ አለ። ሸይኽ ሐምዛ ዩሱፍ፣ ኢማም ዘይድ ሻኪርና ዶክተር ሐቲም ባዚያን ናቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያቋቋሙት። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የትምህርት ዕውቅና ያገኘ የመጀመሪያው የሙስሊም ኮሌጅ ሆነ። ራሱን የሚጠራው በምን ስም ነው? ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ብሎ ነው። ተማሪው ዐረብኛ፣ ፊቅህና ዐቂዳ ከሎጂክ፣ ከንግግር ጥበብና ከሒሳብ ጋር አንድ ላይ ይማራል። ስሙ ዲን የሚያስጥል ቢሆን ኖሮ እነሱ ቀድመው በሸሹት ነበር።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ዲኑን አሜሪካ ሄዶ የሚጥለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ሲነሳ በእጁ ያልያዘው ሰው ነው። ሰላቷን እናቷ ስለቀሰቀሰቻት ብቻ የምትሰግድ ልጅ አዲስ አበባ ዶርም ውስጥም ትተወዋለች፤ ጅማም፣ ሐዋሳም ትተወዋለች። ለምን እንደምትሰግድ የገባት ግን «ለምን?» ብለው ሲጠይቋት አትደነግጥም። ልጆቻችንን «አትጠይቅ» እያልን አሳድገን፣ ጥያቄ የሚበዛበት አገር ስንልካቸው መፍራታችን አይገርምም። መድኃኒቱ ጥያቄውን መሸሽ ሳይሆን ከቤት ጀምሮ መለማመድ ነው።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ በየከተማው ያላችሁ ወጣቶች፣ በየግቢው ጀመዓ ውስጥ ያላችሁ፣ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ስኮላርሺፕ የምታገኘው ከሺህ አንዷ ናት። የቀረነው እዚሁ ነን። አምስት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። አንድ መጽሐፍ ምረጡ፤ የታሪክ ይሁን፣ የፊቅህ ይሁን፣ የኢኮኖሚ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ተቀመጡ። ሕጉ ሦስት ነው። ያላነበበ አይናገርም። የሚናገር ገጹን ይጠቅሳል። የማያውቅ «አላውቅም» ይላል። በወር አንዴ እያንዳንዱ አንድ ገጽ ይጻፍ፣ ሌላው ያርመው። እህቶችም የራሳችሁን ሐለቃ ያዙ። ስልኩ ጫማ መደርደሪያው ላይ ይቆይ።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። የግቢ ጀመዓ ኃላፊዎች፣ ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ስታደርጉ ብስኩትና ለስላሳ ብቻ አትስጡ። ቃል አስገቧቸው። «እኛ አንኮርጅም፣ አናስኮርጅም፤ የከበደህን ኮርስ ግን ሌሊቱንም ቢሆን ቁጭ ብለን እናስጠናሃለን» በሏቸው። ከዚያም አስጠኗቸው። ማስጠናቱ ከሌለ ቃሉ ባዶ ነው። ውጤቱ ዝቅ ያለበትን ልጅ አትናቁት፤ በሐቅ ያመጣው ሐምሳ በኩረጃ ከመጣ ዘጠና ይበልጣል። አንድ ቀን በዚያች ዘጠና ሰው ያክማል፣ ድልድይ ይሠራል፣ ፈትዋ ይሰጣል። ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ለእኚያ አባት በመጨረሻ ያልኳቸው ይህን ነው፦ «አባባ፣ ስሙን አይፍሩት። ስለ ምግቡና ስለ ዶርሙ እንጠይቃለን፣ ደብዳቤውን እኔ ከእሷ ጋር እጽፋለሁ። ብትሄድም ብትቀርም ግን አንድ ነገር ይጠይቋት፤ ሰው ሳያያት ትታመናለች ወይ?» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እሷማ ትታመናለች» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «እናንተስ?» አሉኝ።

መልሱን ለእኔም ለእናንተም ትቼዋለሁ። አላህ በእውቀት የሚጠቀሙና ለአማና የሚበቁ ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።